የቡርጅ ቧንቧ የሚያወርደው ባሕር

ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትገባ እህት ከቁልፉ ጋር አንድ ምክር ትቀበላለች፤ «የቧንቧውን ውኃ እንዳትጠጪ፣ ለቡናም አይሆንሽም።» ምክሩን የምትሰጣት ቀድማት የገባች የአገሯ ልጅ ናት። እርሷም ከሌላዋ ነው የሰማችው። ውኃው ሲወርድ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጨው ጨው ይላል። ሳሙናው አረፋ አልሠራም ብሎ ያስቸግራል፣ ፀጉር ይደርቃል፣ የብረት ዕቃ ቶሎ ይዝጋል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በጀበና የተፈላ ቡና ደግሞ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል። በገጠር ቡናን በጨው ጠጥተው ላደጉት እህቶቻችን እንኳ ይህኛው ጨው አልተስማማቸውም።

ምክንያቱን ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ነው። ቧንቧው ዝጎ ነው የሚል አለ። የጣሪያው ታንከር ነው፣ የቤቱ ባለቤት ስለማያሳጥበው ነው የሚልም አለ። ዝገቱም ታንከሩም የየራሳቸው ጥፋት ሊኖራቸው ይችላል፤ ጨው ግን ከዝገት አይመጣም። የቡርጅና የአካባቢው ጨው የመጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ነው፤ ያውም በመሬት ሥር አልፎ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በቤሩት የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ መጨው ለዓመታት አጥንተው ጽፈዋል። ጽሑፉ ግን ጀሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣው ሴት ዘንድ አልደረሰም። የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ጉዳይ ይኸው ነው። ስለዚህ ባሕር ብዙ ነገር ተመርምሮ ታውቋል፤ ውኃውን የምትቀዳው፣ እሁድ ነፃው ዳርቻ ላይ የምትቀመጠው፣ የማዳሟን ዓሣ የምታጸዳው ሴት ግን በምትሰማው ቋንቋ የነገራት የለም።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቧንቧው እንጀምር። ዝናብ ሲዘንብ ከፊሉ ወደ መሬት ሰርጎ በዐለቱና በአሸዋው መካከል ይጠራቀማል። በባሕር ዳር ከተማ ይህ ጣፋጭ ውኃ ከመሬት በታች ከባሕሩ ውኃ ጋር ይገናኛል። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከአንድ ሊትር ጣፋጭ ውኃ በ25 ግራም ገደማ ስለሚከብድ ሁለቱ ወዲያው አይደባለቁም፤ ዘይት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፈው ጣፋጩ ከላይ፣ ጨዋማው ከታች ሆነው ይተኛሉ። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የኔዘርላንድና አንድ የጀርመን ባለሙያ፣ ጊበንና ሄርዝበርግ፣ የዚህን ሚዛን ሒሳብ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አውጥተውታል። ጣፋጩ ውኃ ከባሕር ጠለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ፣ ከባሕር ጠለል በታች 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውኃ አለ ማለት ነው። ጥሩ ዜና ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሲገለበጥ ያስደነግጣል፤ ያ 1 ሜትር በፓምፕ ተስቦ ካለቀ ጨዋማው ውኃ ከሥር 40 ሜትር ይነሣል። የጉድጓዱ ፓምፕ ያለበት ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ፓምፑ ባሕሩን ራሱን መሳብ ይጀምራል።

በቤሩት የሆነው ይኸው ነው። የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ዋና ምንጭ ከሰሜን የሚመጣው የጄይታ ምንጭ ነው፤ ለሁሉም አይበቃም። መንግሥት ውኃውን በሰዓት ሲለቅ ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በፈቃድም ያለ ፈቃድም። ሕንፃው የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ቦቴ የሚሞላው ነጋዴም እንዲሁ። የቡርጅ የፍልስጤማውያን ካምፕ በ1948 ሲመሠረት ድንኳን ነበር። ዛሬ ቤት በቤት ላይ ተደርቦ ፀሐይ የማይገባበት ጠባብ መተላለፊያ ሆኗል፤ ፍልስጤማዊው፣ ሶርያዊው፣ የእኛ ልጆችም ተጨምረውበት የሚጠጣው አፍ በዝቷል። ከላይ ደግሞ መሬቱ በሲሚንቶና በአስፋልት ተሸፍኗል። ሊባኖስ ውስጥ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። ያ ዝናብ መሬት ውስጥ ገብቶ ጨዉን መልሶ መግፋት ሲገባው፣ በየመንገዱ ጎርፍ ሆኖ የሰርቪስ ታክሲ አስቁሞ ወደ ባሕር ይሄዳል። ከላይ የሚጨመር የለም፣ ከታች የሚሳብ ግን ሞልቷል።

ለመጨው ብዙ አያስፈልግም። የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ውኃ በሊትር 39 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከአብዛኛው የዓለም ውቅያኖስ ይበልጣል። በ100 ሊትር የጉድጓድ ውኃ ውስጥ 2 ሊትር የባሕር ውኃ ብቻ ቢገባ ምላስ ያውቀዋል። ሳሙናውም አረፋ የማይሠራው የባሕር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስላለው ነው፤ እነዚህ ሳሙናውን ይዘው ነጭ ዝቃጭ ያደርጉታል። ስለዚህ ሳሙና መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። ብዙዎቻችን ከአገር ይዘነው የመጣነው እምነት «ውኃ ከፈላ ንጹሕ ነው» የሚል ነው። ለጀርም እውነት ነው። በጥቅምት 2022 ሊባኖስ ውስጥ ከ1993 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌራ ሲገባ ውኃ ማፍላት ሕይወት የሚያድን ምክር ነበር፤ አሁንም ነው። ጨው ግን በመፍላት አይጠፋም። ውኃው እየተነነ ጨዉ ስለሚቀር የበለጠ ይጠነክራል እንጂ። በጨርቅ ማጥለልም አያወጣውም። ጨዋማ ውኃ አዘውትሮ መጠጣት ደግሞ ለደም ግፊት መጥፎ ነው። በባንግላዴሽ የባሕር ዳርቻ፣ እንደ ቡርጅ ባሕሩ የጉድጓዱን ውኃ ባጨየበት አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ጨዋማ ውኃ የሚጠጡ ነፍሰ ጡሮች ላይ የደም ግፊት በርትቶ አግኝተዋል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ግፊት ያለባት፣ ኩላሊቷን የሚያማት እህት የምትገዛውን የመጠጥ ውኃ እንደ ቅንጦት አትቁጠረው። ከጎኗ ያላችሁም «ለምደሽ ጠጪው» አትበሏት።

እዚህ ላይ ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን። በኮንትራት ቤት ውስጥ ለምትኖር ሠራተኛ ምግቧን የሚችለው ቤቱ ነው። ቤተሰቡ የታሸገ ውኃ እየጠጣ ሠራተኛዋ ከቧንቧ እንድትጠጣ የሚደረግበት ቤት ካለ፣ ቤተሰቡ ራሱ የማይጠጣው ውኃ ለሰው የማይሆን መሆኑን አውቆ ነው የሚያደርገው። ውኃ ከምግብ ይቆጠራል። ይህን ለመረዳት ሕግ መጥቀስ አያሻም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ስለማያካትት ብንጠቅስም ብዙ አይረዳን።

ባሕሩ ወደ ከተማዋ በመሬት ሥር ሲገባ ከተማዋ ደግሞ በላይ በላዩ ወደ ባሕሩ ትሄዳለች። በዳሂያ የሚኖር ሰው የጋዲርን ወንዝ ያውቀዋል፤ ከማየቱ በፊት ይሸተዋል። ይህ ወንዝ የደቡቡን መንደሮች ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዞ በአየር ማረፊያው በኩል አልፎ ባሕር ውስጥ ይገባል። በዚያው በኩል ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራው የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው፤ ጨርቁን፣ ፕላስቲኩን፣ አሸዋውን ያስቀራል። ጀርሙን አያስቀርም። ቀሪው በቱቦ ወደ ባሕር ይለቀቃል።

በሐምሌ 2015 የናዕሜ የቆሻሻ መጣያ ሲዘጋ ቤሩት በቆሻሻ ተራራ መሞላቷን በዚያን ጊዜ እዚያ የነበራችሁ አትረሱትም። በየቤቱ ከረጢቱን ወደ ታች የምታወርደው ማን ሆነችና! መንግሥት በመጋቢት 2016 ካመጣው መፍትሔ አንዱ ኮስታ ብራቫ ነበር፤ ጋዲር ባሕሩን በሚገናኝበት ቦታ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር፣ ውኃው ዳር ላይ የተሠራ የቆሻሻ መጣያ። ቆሻሻው ወፍ ጠራ። ወፉ ለአውሮፕላን አደጋ ሆነ። በጥር 2017 ፍርድ ቤት መጣያው ለጊዜው እንዲዘጋ አዘዘ፤ በዚያው ወር ጠመንጃ የያዙ አዳኞች ተሰማርተው የባሕር ወፎችን ሲተኩሱ ታዩ። ቆሻሻውን ያመጣው ወፉ ይመስል።

አሁን ወደ እሁድ እንምጣ። በሊባኖስ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ ነው። በ1925 የወጣው ድንጋጌ የክረምት ማዕበል እስከሚደርስበት ያለው መሬት የማንም የግል ይዞታ እንዳይሆን ይላል። በተግባር ግን የዳርቻው ብዙ ክፍል በሪዞርትና በግል መዋኛ ተይዟል፤ መግቢያውም በገንዘብ ነው። ለእኛ ሴቶች ደግሞ ገንዘቡም አይበቃም። ልጅ ይዛ የገባች ሠራተኛ ዳር ላይ በጫማዋ እንድትቀመጥ፣ ውኃው ውስጥ እንዳትገባ የሚደረግባቸው መዋኛዎች እንዳሉ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በተደጋጋሚ መዝግበዋል። በ2012 መንግሥት በዘር፣ በዜግነት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሰው እንዳይከለከል መመሪያ አውጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲታይ ብዙዎቹ በሮች እንደ ነበሩ ናቸው።

ስለዚህ የሚቀረው ራምሌት አል በይዳ ነው፤ ትርጉሙ ነጩ አሸዋ። በቤሩት ከተማ ውስጥ ያለ ክፍያ የሚገባበት አሸዋማ ዳርቻ እርሱ ነው። ሶርያዊው ቀን ሠራተኛ፣ ከዳሂያ የሚመጣው ቤተሰብ፣ እንጀራና ቴርሞስ ይዘው የሚመጡት የእኛ ልጆች ሁሉ እዚያ ይገናኛሉ። የከተማዋ የፍሳሽ ቱቦ የሚከፈትበትም እዚያው ነው። የሊባኖስ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት በባትሩን የባሕር ሳይንስ ማዕከል አለው፤ «ካና» የምትባል የምርምር መርከብም አላት። ይህ ማዕከል ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ30 በላይ ቦታዎች ላይ የባሕሩን ውኃ እየቀዳ ይመረምራል፤ በየዓመቱም የትኛው ዳርቻ ለመዋኘት ደህና እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያሰጋ፣ የትኛው እንደማይሆን በካርታ ያወጣል። ራምሌት አል በይዳ በተደጋጋሚ ከማይሆኑት ተርታ ነው።

ምርመራው ረቂቅ ነገር የለውም። ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳል፣ በበረዶ ይጓጓዛል፣ በጥሩ ወንፊት ይጠለላል፣ ያም በሙቅ ሳጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ወንፊቱ ላይ የበቀሉት ትንንሽ ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ከአንድ ባክቴሪያ የተራባች ናት፤ የሚፈለጉትም በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ዓይነቶች ናቸው። እነርሱ ከተገኙ ዓይነ ምድር ውኃው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ከዚያ ጋር የተቅማጥ፣ የጉበት፣ የጆሮና የዓይን በሽታ የሚያመጡት ሌሎቹ ሊኖሩ ይችላሉ። የባሕሩ ጨው ይገድላቸዋል የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ፀሐይና ጨው ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል፤ ቱቦው ግን በየደቂቃው አዲስ ያመጣል።

ይህን ስንል «አትሂዱ» ማለታችን አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እርሱም ከተፈቀደ፣ ነፋስ መቀበል ለማን ይከለከላል? አሸዋው ላይ መቀመጥና ውኃው ውስጥ ጭንቅላት መንከር ግን ይለያያል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ውኃው ውስጥ አትግቡ፤ ጎርፉ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ያመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ቱቦ ከሚወርድበት ራቁ። በእጃችሁ ወይም በእግራችሁ ቁስል ካለ፣ በበረኪና የተላጠ ጣትም ቁስል ነው፣ በዚያ ውኃ አትንከሩት። የምትይዙት ሕፃን ውኃውን እንዳይውጥ ተጠንቀቁ።

ከዚህ ባሕር ጋር ያለን ግንኙነት የእሁድ ሽርሽር ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጥር 25 ቀን 2010 ሌሊት ከቤሩት የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ናዕሜ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ከ90ው ሰው አንድም አልተረፈም፤ ወደ አገራቸው ይመለሱ የነበሩ ሠራተኞች ነበሩበት። ያን ጊዜ የምርምር መርከቦች የባሕሩን ወለል በድምፅ ሞገድ እየቃኙ ሲፈልጉ ቤተሰብ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በ2024 መስከረም መጨረሻ ደግሞ ዳሂያ በቦምብ ስትመታ አሠሪዎቻቸው ቤት ቆልፈው የሄዱባቸው፣ መጠለያም «ለሊባኖሳውያን ነው» የተባሉ እህቶች ኮርኒሹና ራምሌት አል በይዳ ላይ አድረዋል። በአሸዋው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግተው ሌሊቱን የቡርጅን ጭስ ሲያዩ ያነጉ ሴቶች አሉ። ነፃው ዳርቻ ለእነርሱ መኝታ ቤት ነበር።

ሌላው ባሕሩን የምታገኙበት ቦታ የወጥ ቤቱ ገንዳ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀይ ባሕር ፍጥረታት፣ በምጽዋና በአሰብ በኩል የሚዋኙ ዓይነቶች ጭምር፣ ወደ ሰሜን ተሻግረው ሊባኖስ ዳር ሰፍረዋል። ኢቃማ የጠየቃቸው የለም። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ተመችቷቸዋል። አንዳንዱ ዛሬ በቤሩት ገበያ የተለመደ ምግብ ነው። አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል።

የሚገድለውን በደንብ እወቁት። በሊባኖስ ዓረብኛ ናፊኻ ይሉታል፤ የሚነፋ ማለት ነው። በሜዲትራኒያን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2003 በቱርክ ዳርቻ ነው፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላው ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተዳረሰ። ጀርባው ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ሆዱ ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ መስመር ይሄዳል። እንደ ሌላ ዓሣ ቅርፊት የለውም፤ ቢላዋ ሲያልፍበት የሚፈናጠር ነገር አታዩም። ዋናው ምልክት አፉ ነው። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ በድምሩ አራት ትልልቅ ጥርሶች አሉት፤ እንደ በቀቀን መንቁር የገጠሙ ናቸው። ሥጋው ነጭና የሚያምር ስለሆነ ማንም ሊታለል ይችላል፤ ቆዳው ተገፎ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ከቀረበ መለየቱ ይከብዳል።

መርዙ ከሁሉም በላይ በጉበቱና በእንቁላሉ ውስጥ ነው፤ በሥጋውና በቆዳውም ይገኛል። መጥበስ፣ መቀቀል፣ በሎሚ መዘፍዘፍ፣ ማቀዝቀዝ፣ አንዱም አያጠፋውም። የበላ ሰው መጀመሪያ ከንፈሩና ምላሱ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ያስመልሰዋል፣ እጅ እግሩ ይዝላል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅተዋል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሆስፒታል በጊዜ ከደረሰ ግን በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ መትረፍ ይችላል፤ ስለዚህ ደቂቃ ዋጋ አለው። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው። ይህን በተለይ የምናነሣው በአንድ ምክንያት ነው። ቤተሰቡ ሥጋውን ሲበላ፣ ጭንቅላቱን፣ ጉበቱን፣ እንቁላሉን ለራሷ የምታበስል ሠራተኛ ብዙ ናት። በዚህ ዓሣ ላይ ያ ልማድ ሞት ነው።

የአንበሳ ዓሣ ሌላ ነው። ቀይና ነጭ ሽንትር ያለው፣ ክንፉ እንደ ላባ የተዘረጋ፣ ለዓይን የሚያምር ፍጥረት ነው። በ2012 በሰሜን ሊባኖስ ዓሣ አጥማጆች ሁለት አጥምደው ነበር፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሚሼል ባሪሽና ባልደረቦቹ በ2013 አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ እስከ ግሪክና ጣሊያን ደርሷል። ትንንሾቹን ዓሦች እየበላ ስለሚጨርስ ሰው እንዲበላው ተመራማሪዎች ራሳቸው ይመክራሉ፤ ሥጋው መርዝ የለውም። መርዙ በጀርባውና በሆዱ እሾሆች ላይ ነው። ስለዚህ ማጸዳት የሚያስፈልገው በወፍራም ጓንት ነው፤ እሾሁ መጀመሪያ በመቀስ ይቆረጣል። ከወጋችሁ እጃችሁን የምትችሉትን ያህል ሙቅ፣ የማያቃጥል ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ይህኛውን መርዝ ሙቀት ይሰብረዋል። በባሕረ ሰላጤው ሳፊ ያጸዳችሁ የእሾህ ውጋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የሳፊ ዘመዶችም በስዊዝ አልፈው ሊባኖስ ገብተዋል፤ እሾሃቸውን ይዘው ነው የገቡት።

በኩዌት፣ በዱባይ፣ በዶሃ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህ የቤሩት ችግር ነው እንዳትሉ። እናንተ ዘንድ ባሕሩ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ሆን ተብሎ፣ ጨዉ በፋብሪካ ወጥቶለት ነው። ከ2008 እስከ 2009 ባሕሩን ያቀላ ረቂቅ አልጌ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ዳርቻ ላይ ሲስፋፋ ዓሣው አለቀ፤ በኤምሬቶችና በኦማን ጨው የሚያወጡ ፋብሪካዎችም ለጊዜው ቆሙ። ባሕሩ ሲታመም ቧንቧው እንደሚደርቅ ያኔ ታየ። ኤምሬቶች ሳፊና ሻዕሪ በማርችና በኤፕሪል እንዳይጠመዱ የሚከለክሉትም እንዲራቡ ነው፤ ማዳም ገበያ ልካችሁ «የለም» ከተባላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል አትሰደቡበት።

አሁን የምንጠይቀውን እንናገር። በባትሩን ያለው ማዕከል በየዓመቱ የሚያወጣው ካርታ ጥሩ ሥራ ነው፤ በቀለም የተሠራ ስለሆነ ግማሹ ሳይተረጎምም ይገባል። የቀረው የቦታዎቹ ስምና ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። እርሱን በአማርኛ ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። በኮሮና ጊዜ ሊባኖስ ውስጥ የመከላከያ መልእክት በአማርኛ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቋንቋው አስቸጋሪ ነው የሚል ምክንያት ያኔውኑ አልቋል። ቤሩት ያለው ቆንስላችን ካርታውን በሩ ላይ ይለጥፈው፤ ፓስፖርት ሊያድሱ ተሰልፈው የሚውሉ ሴቶች ለማንበብ ጊዜ አላቸው። ቤተ ክርስቲያኖቹ ከቅዳሴ በኋላ ይናገሩት፣ መስጊዶቹም እንዲሁ። በ2017 በራሳቸው በቤት ሠራተኞች የተመሠረተው «እኛ ለኛ በስደት»ን የመሰሉ ማኅበራት ደግሞ መልእክት ከማንም ይልቅ ቶሎ እንደሚያደርሱ በጦርነቱ ጊዜ አይተናል፤ ካርታው በእጃቸው ይድረስ።

አገር ቤትም ድርሻ አለው። ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ ሠልጥና እንድትሄድ ሕጉ ያዛል። ማሠልጠኛዎቹ ስለ ልብስ ማጠቢያና ስለ ምድጃ ሲያስተምሩ ግማሽ ሰዓት ለዓሣ ይስጡ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የምትነሣ ልጅ ብዙ ጊዜ ዓሣ አጽድታ አታውቅም፤ ብታውቅም የጣና ወይም የዝዋይ ዓሣ ነው፤ መርዝ ያለው ዓሣ አለ ብላ አታስብም። የናፊኻ አራት ጥርስ ፎቶግራፍ አንድ ገጽ ቢሆን ነው።

የቡርጅ ውኃ ግን በካርታ አይስተካከልም። ፓምፑ ካልተገታ፣ የጋዲር ፍሳሽ በደንብ ካልተጣራ፣ ዝናቡ ወደ መሬት የሚገባበት መንገድ ካልተገኘ ጨዉ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ይህ የሊባኖስ መንግሥትና የከተማዋ ሥራ ነው፤ ዓመታትም ይወስዳል። እስከዚያው ቡርጅ ያላችሁ እህቶች የውኃ ገንዘብ በጋራ እያዋጣችሁ ጋሎን የምትገዙበትን ልማድ አትተዉት። ጨዋማውን ለወለልና ለሽንት ቤት፣ የተገዛውን ለመጠጥ፣ ለምግብና ለሕፃን ወተት። ለቡናውም።